ወፍ አለ፣ ሳሙና የለም

እሑድ። ሐምሌ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ። እኔ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፣ ስልኬ ሲጠራ እስኪያቆም ድረስ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ሻዬ ላይ ስኳር መጨመሬን እረሳና ደግሜ እጨምራለሁ። የሆነ ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር። ምንም ሳይሆኑ እንዲህ መሆን ይብሳል፤ "ምን ሆንክ?" ለሚልህ ሰው የምትመልስለት የለህም። እማዬ ቤት ለምን እንደተመለስኩ ዛሬ አልጽፈውም።

ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ወጣች። በሐምሌ ፀሐይ ስትወጣ ምን እንደሚሆን ለደሴ ሰው አይነገርም። አንዷ ፍራሽ፣ አንዷ የረጠበ ብቅል፣ አንዷ የልጆች ጫማ ይዛ ወጣች፤ ግቢው የስደት መንገድ መሰለ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴም እንደ ልማዷ ደውላ "እዚህማ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ልብስህን አምጣና እዚህ እጠበው" አለችኝ። 25 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ሐረጎን ተጠማዝዤ፣ ሸሚዝ ላጥብ! (ቆላ ከወረደች ጀምሮ ደሴን የምታወራው በረዶ ቤት እንደሆነች አድርጋ ነው።) እማዬ በሰንበት ልብስ ሲታጠብ ደስ አይላትም። ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች አንዴ አየችኝ፣ ፀሐይዋን አየች፣ ምንም ሳትል ገባች። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

የቆሸሸ ልብስ ለከፋው ሰው ጥሩ ነው። እጅ ይሠራል፣ ጭንቅላት ያርፋል። ሳሙናውን በርሜሉ ክዳን ላይ አስቀምጬ ሁለተኛውን ሸሚዝ ሳሽ ቆርቆሮው ኳ አለ።

ቁራ ነው። ያ ትልቁ፣ ማጅራቱ ላይ ኖራ የተደፋበት የሚመስለው። መንቆሩን እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ወፍራም፣ ጀርባው እንደ ግመል የጎበጠ፣ ጫፉ ብቻ ነጣ ያለ። ከቆርቆሮው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ መሬት ወረደ። አይዘልም፣ ይራመዳል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያላለቀ ሕንፃ የሚጎበኝ ሹም ነው የሚመስለው። በአንድ ዓይኑ አየኝ፤ አንገቱን አዙሮ በሌላኛው አረጋገጠ። ከዚያ ብድግ ብሎ በርሜሉ ላይ ወጣና ሳሙናዬን እንደ ዳቦ ነክሶ ሄደ።

"እሽ" እንኳ አላልኩም። ሁለቱም እጄ አረፋ ነው።

"ምን ወሰደ?" አለች እማዬ ከኩሽና።

"ሳሙና!"

"በሰንበት ስታጥብ! ተወው፣ ይታጠብበት እሱም። ኖኅ ከላከው ጀምሮ አልታጠበም።"

እማዬ ዘንድ ቁራ ማለት ያ ነው፤ ተልኮ የቀረው። እኔንም ሱቅ ልካኝ ስቆይ "የቁራ መልእክተኛ" የምትለኝ ለዚያ ነው። አጥሩን ተሻግሮ ያሉት ሐጂ ግን ቁራ ሲሰደብ አይወዱም። ቃቢል ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ሲጠፋው፣ አፈር ጭሮ መቅበርን ያሳየው ቁራ ነው ይላሉ፤ እሱ ባያስተምረን የሰው ልጅ ምን ይውጠው ነበር? አንድ አጥር፣ ግራና ቀኙ ሌላ ሌላ ቁራ። ሁለቱም ቤት ግን ሳሙና ውጭ አያስቀምጡም።

ሳሙና ምን ያደርግለታል የምትሉ ካላችሁ፣ ስቡ ነው የሚጥመው ይባላል። እኔ ያየሁት ቆርቆሮው ላይ ቆሞ በእግሩ ረግጦ እየቦጨቀ ሲውጠው ነው። በየጉርሻው መሀል፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ በሚያወጣው ድምፅ፣ አንድ ነገር ይላል። ምስጋና አይመስልም።

አንድ ጊዜ፣ ገና ቆላና ደጋ በምመላለስበት ዘመን፣ ሚኒባሳችን ጎማ ተንፍሶበት መንገድ ዳር ቆመን አንገታቸው ላይ አቅራቢ መነጽር ያንጠለጠሉ ፈረንጆች አየሁ። ተደርድረው የቆሙት ፊታቸውን ለቆሻሻ ክምር አዙረው ነው። እኛ ተሳፋሪዎች አፈርን፤ ቆሻሻችንን የሚያነሱ መስሎን። አስጎብኚውን ብጠይቀው ለካ ቁራውን ነው። ይህ ባለ ወፍራም መንቆሩ ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ አገር የለውም፣ በዓለም ካሉት የቁራ ዘሮች ሁሉ በግዝፈት ከፊተኞቹ ነው አለኝ። እሱን ለማየት ባሕር ተሻግረው፣ ቪዛ ከፍለው። እኔ ይኸው ሳሙና ከፍዬ አየሁት። ሲሰላ ረክሶልኛል።

አስጎብኚው ያን ቀን አንዱን ወፍ ከአንዱ ሲለይ ስሰማ ትንሽ ቅናት ነገር ይዞኝ ነበር። እኛ ወፍ ከአፋችን አይጠፋም። የፈለግነው ሲታጣ "ወፍ የለም" እንላለን። ሕፃን ዳዴ ብሎ ሲነሣ "ወፌ ቆመች" ነው። ሳይዘሩት የበቀለ ወፍ ዘራሽ፣ ሳያዩት ያዩት ወፍ በረር። እስቲ የግቢህን ወፎች ቁጠር ብትሉኝ ግን ቁራ፣ ጭልፊት፣ ርግብ፣ ዋኖስ፣ ጉጉት፣ ከዚያ "ያቺ ትንሿ" ላይ እቆማለሁ። ያቺ ትንሿ ቢያንስ አራት ዓይነት ናት።

ጭልፊት ስል ነው ያቺ ሥጋ የመጣችብኝ።

ታሪኩን ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እማዬ ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለው ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ላከችኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። "ጭልፊት ወሰደው" አልኩ። አላመነችኝም። ገንዘቡን ከረሜላና ብይ ገዝቶበታል ተባለ፤ ኪሴ ተፈተሸ፣ ብይ ተገኘ። (ብዮቹ የራሴ ናቸው፤ በሐቀኛ ጨዋታ የበላኋቸው።) የእማዬ መከራከሪያ አንድ ነበር፤ "በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥጋ ጭልፊት ምኑን አየው? ማንበብ ይችላል?" ቡና ተፈልቶ ስለነበር በጎረቤት ፊት ተሳቀብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጭልፊት ወሰደው" የቤታችን ምሳሌያዊ አነጋገር ሆነ። የእህቴ ካርድ ሲጠፋ፣ የአጎቴ ልጅ የዕቁብ ገንዘብ ሲያጎድል፣ አባዬ (ነፍሱን ይማር) አምሽቶ ሲገባ፣ ሁሉም ነገር ጭልፊት ወሰደው። ሠርጌ ላይ እንኳ አንዱ ማይክ ይዞ አወራው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እሱም... ተዉት።

እና ዛሬ፣ ሳሙናው ቆርቆሮ ላይ እየተበላ፣ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ዛሬ እማዬ ምስክር ናት! ወፍ ከፊቴ ንብረት ወስዶ ሲሄድ አይታለች። እጄን ሳልጠርግ ኩሽና ገባሁ።

"አየሽ አይደል?"

"ምኑን?"

"ወፍ እንደሚወስድ።"

ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ሳሙና በጋዜጣ አልተጠቀለለም" አለች።

ሠላሳ ምናምን ዓመት! የተናገረችበትን ቃል እንኳ አልረሳችም። እኔ የጠዋት ሻዬን ስኳር እረሳለሁ።

የሚገርመኝ በዚህ ቤት አውሬ ሁሉ ያለ ማስረጃ ይታመናል። ጅብ የአባዬን ቆዳ ጫማ ከበረንዳ ወሰደ ሲባል "ጅብ እኮ ነው" ተብሎ ታለፈ፤ ጅቡን ያየ የለም፣ ሌሊት ከጦሳ በኩል ሲጮኽ ተሰምቷል፣ በቃ። ከሆዳም ጎረቤት ይልቅ ጃርት ድንቹን በላ ይባላል። ጫጩት በጎደለ ቁጥር ጭልፊት ይረገማል፤ የዶሮ ጭልፊት አለ፣ የሥጋ ጭልፊት የለም። እኔ ብቻ ነኝ ፍርድ ቤት የምቆመው።

ርግቧንስ? በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደ ከተማው ሁሉ እኛም ቤቱን ቆልፈን በእግራችን ወጣን። ያን አሁን አልጽፈውም። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የኩሽናው መስኮት ተሰብሯል፣ ዕቃው ተበትኗል፣ አክንባሎው መደርደሪያው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። እማዬ ልታወርደው እጇን ስትዘረጋ ፍርርር አለ። ርግብ ናት፤ የዱሯ፣ ዓይኗ ዙሪያ የቀላ፣ ክንፏ ነጭ ነጠብጣብ የጣለበት። አክንባሎው ውስጥ ጎጆ ለመባል የማይበቃ እፍኝ ጭራሮ፣ ጭራሮው ላይ ሁለት ነጭ እንቁላል። እማዬ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች። ከዚያ እጇን ሰብስባ "እሷም የሚጠጋት አጥታ ነው" አለችና በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ሁለቱ ጫጩቶች ክንፍ አውጥተው እስኪሄዱ፣ ከወር በላይ፣ በረንዳ ላይ ምድጃ ጎልታ ወጥ ሠራች፤ ለእንጀራው ከሐጂ ቤት አክንባሎ ተዋሰች። ሐጂ አንድ ቀን "ርግቧ ኪራይ መክፈል ጀመረች?" ብለው ሲጠይቋት "እናንተስ መቼ ከፈላችሁ?" ብላ አሳቀቻቸው። በዚያ ሁሉ መሀል የሳቀችው ያን ቀን ነው መሰለኝ።

ለርግብ አክንባሎዋን የለቀቀች ሴት ለልጇ ግማሽ ኪሎ ሥጋ አለቀቀችለትም። ይህን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሽንኩርቱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ስለነበር ቃሌ ለቅሶ እንዳይመስል።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ ክሴን ማዘጋጀት ያዝኩ። የማስታውሰውን በቅደም ተከተል። ሥጋ ቤቱን፣ ሚዛኑን፣ ደም የዘለቀውን ጋዜጣ፤ እነሆ መልስ ለእማዬ፣ ጋዜጣው ደም ዘልቆት ነበር፣ ጭልፊት ደም ለማየት ማንበብ አያስፈልገውም። በጣም ጎበዝ። ቀጥሎ ዳገቱን። ቀጥሎ ከኋላዬ የመጣውን ጥላ፣ ጆሮዬን የመታኝን ክንፍ፣ እጄ ድንገት መቅለሉን። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ክንፉ ጆሮዬን ሲመታኝ አሁንም ይሰማኛል፤ እንደ ደረቅ ካርቶን ነው።

ከዳገቱ በፊት ግን ልጆች ነበሩ። ብይ ሲጫወቱ። እኔም ተንበረከኩ፤ ትዝ ይለኛል፣ ጉልበቴ ላይ ጭቃ ነበር፣ እማዬ እሱንም ጨምራ ነው የመታችኝ። ተንበርክኬ ብይ ስወረውር ሥጋው የት ነበር? ድንጋይ ካቡ ላይ። ካቡ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዱን ዙር በላሁ፣ ሁለተኛውንም በላሁ። ካቡ ላይ ከነበረ ታዲያ እጄ መቼ ቀለለ? ጆሮዬንስ ማን መታኝ?

ውሻ ነበር እዚያ ሰፈር። አንድ ዓይና፣ ቡናማ። ሁሌ ካቡ ሥር የሚተኛ።

ለሠላሳ ዓመት ስምህ የጠፋው በሐሰት ነው ብዬ ለራሴ ሳዝን ኖሬ፣ አሁን የማላውቀው ይህን ነው፤ ያ ጭልፊት መጥቶ ነበር ወይስ እኔ ዳገቱን ስወጣ ሠራሁት? ደግሞ ከሠራሁት ክንፉን እንዲህ አድርጌ መሥራቴ ምን የሚሉት ነው? አሁን ገብቼ "እማዬ፣ ምናልባት ውሻ ይሆናል" ብላትስ? ይግባኙን በገዛ እጄ ልተው? ርግቧን ያመነች፣ ጅቡን ያመነች እናት "አላልኩህም?" ስትል ፊቷን ለማየት ግማሹ ልቤ ይፈልጋል።

ቆርቆሮው ኳ አለ። ቀና አልኩ፤ ቁራው ሳሙናውን ጨርሶ ሄዷል። ኳ፣ ኳኳ፣ ኳኳኳ። ዝናብ ነው። ግቢው እንደገና ተነሣ፣ ፍራሹ ገባ፣ ብቅሉ ገባ፣ የልጆቹ ጫማ ገባ። እማዬ ከውስጥ "ልብሱ!" ብላ ጮኸች።

የቱ ልብስ? ሁለቱም ሸሚዞቼ ጠዋት የተውኳቸው ሳፋ ውስጥ ናቸው፣ ዝናቡ እየሞላባቸው። አንዱ ግማሽ አንገትጌው ታሽቷል። ሱቅ ሄጄ ሌላ ሳሙና እንዳልገዛ እሑድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የቁራ መልእክተኛ መባል ነው። ነገ ሰኞ ነው፤ ቢሮ "ምነው በሹራብ?" የሚለኝ አይጠፋም። ምን ልበለው?