የካሴቱ አንደኛ ገጽ

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ እኔ ግን አልተኛሁም፣ የአክስቴን የሠርግ ዘፈን እየፈለግሁ ነው። አባቴ በ60 ደቂቃ ካሴት የቀዳው ነው። ቴፑ ካሴቱን ሳይበላው በፊት ሁለቱንም ገጽ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ወደ ኤምፒስሪ ገልብጬው ነበር፤ አንዱ ገጽ 28 ሜጋባይት ገደማ ወጣው።

ማክሰኞ ማታ ዘፈኖቼን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሳዛውር፣ ገና "አለቀ" ከማለቱ መብራት ጠፋ። ሲመጣ የሠርጉን ፋይል ከፈትኩት። ስሙም መጠኑም ልክ ነው። እልልታው ይጀምራል፣ ከበሮው ሁለቴ ድም ድም ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ደቂቃው ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። የፋይሉን ጥሬ ይዘት በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም (ሄክስ ማሳያ) ባየው ዜሮ ብቻ ተደርድሯል። ለካ ኮምፒውተሩ ለፋይሉ ቦታ ይዞለት ነበር እንጂ፣ ይዘቱ ገና ሚሞሪ ላይ ሳለ ነው መብራቱ የሄደው። ደግሞ ኮፒ ማድረግ ሲገባኝ ከት ነው ያደረግሁት፤ ዋናውም ተሰርዟል። አሁንም ሳስበው ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ኤምፒስሪ እያንዳንዳቸው 26 ሚሊሰከንድ ገደማ በሚሆኑ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። ጥቂቶቹ ቢበላሹ ማጫወቻው ጠቅ ብሎ ያልፋቸዋል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል። ዜሮ የሆነውን ግን የትኛውም መጠገኛ ፕሮግራም አይመልሰውም። የቀረኝ ተስፋ ዋናው ፋይል የነበረበት የኮምፒውተሩ የድሮ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ እንደዚያ ባለው ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ ይቆያል። ወዲያው ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። የተሰረዘ ፋይል ፈላጊውን ፕሮግራም እንኳ አልጫንኩበትም፣ እሱም ራሱ ሊጻፍበት ይችላላ! ዲስኩን ፈትቼ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ ሰካሁትና ፎቶሬክ የሚባለውን ፈላጊ ፕሮግራም አስነሣሁ። ፎቶሬክ ፋይልን የሚለየው በአጀማመሩ ስለሆነ ስም አይመልስም። ስም አልባ 211 የድምፅ ፋይሎች አወጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ እያዳመጥኩ ነው። ማስታወቂያ፣ ስብከት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሳቅ። 148ኛውን ስከፍት አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ "አንድ፣ ሁለት... ይቀዳል?" አለ። አባቴ ነው። ከኋላው የሴቶቹ ጭብጨባ፣ ቀጥሎ የአክስቴ እልልታ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ 17ኛው ደቂቃ ላይ ብቻ አንዴ ጠቅ ይላል። ወዲያው ሁለት ቦታ ኮፒ አደረግሁት።

ሁለተኛው ገጽ ገና አልተገኘም። 63 ፋይሎች ይቀሩኛል።