ቢጫ ጠርዟ እንዳይጠፋ፦ ሳንሴቬሪያን አዳማ ላይ እንዴት እንዳባዛኋት

ተራዋን ሳንሴቬሪያ (ቅጠሏ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የቤት ተክል) በቅጠል ማባዛት ቀላል ነው። ቅጠሉን ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር አቆይቶ፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር መትከል ነው። ዝንጉርጉሯ፣ ጠርዟ ቢጫ የሆነው ግን በዚህ መንገድ ራሷን አትተካም። በዓይኔ ለማየት ብዬ ከአንዲት እናት ተክል ቅጠልም ቆርጬ፣ ከሥሯም ከፍዬ ጎን ለጎን ተከልኩ። ከቅጠሉ የበቀሉት ሁሉ ቢጫ የሌለባቸው አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ከሥር የተከፈሉት ጠርዛቸውን እንደያዙ አደጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቢጫው ጠርዝና አረንጓዴው መሃል የሚያድጉት ከተለያየ የሴል ንብርብር ነው። የተቆረጠ ቅጠል አዲስ ቡቃያ የሚያበቅለው ከአረንጓዴው ሴል ስለሆነ ቢጫው ይቀራል። አፈር ውስጥ የሚሄደው ወፍራም ግንድ ላይ ያለው ቡቃያ ግን ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ አንድ ቅጠል ብቻ ቁረጪልኝ» ሲሉኝ፣ «የለም እማማ፣ ይቺ በቅጠል አትሆንም፤ ልጇን ከነሥሩ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው።

ለመክፈል ልጅየው፣ ማለትም ከእናቲቱ ጎን የበቀለው ቡቃያ፣ የራሱን ሥር እስኪያወጣ መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያ ተክሉን ከባልዲው አውጥቼ፣ አፈሩን አራግፌ፣ እናትና ልጅን የሚያገናኘውን ግንድ በአልኮል በተወለወለ ቢላ እቆርጣለሁ። ቁስሉ ሳይደርቅ ውሃ አላስነካውም፤ ይህን ተክል ከምንም በላይ የሚገድለው የሥር መበስበስ ነውና።

በአፈር በኩል አዳማ የታደለች ናት። ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ የተባለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እዚሁ አካባቢ ይገኛል። ግማሹን ፑሚስ፣ የቀረውን ቀይ አሽና በደንብ የበሰበሰ ፍግ አደርጋለሁ። ውሃው ሳይቆም ያልፋል። ድብልቁ ቀላል ስለሆነ ግን ረጃጅሙን ተክል የከተማችን ነፋስ ይገለብጠዋል (ጋራው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም)፤ ስለዚህ በሲሚንቶ ማሰሮ እተክላለሁ።

ቢጫው ክፍል ክሎሮፊል (ምግብ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው አረንጓዴ ቀለም) ስለሚጎድለው ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ብቻ ነው። ዝንጉርጉሯ ከአረንጓዴዋ ቀስ ብላ የምታድገውና ብርሃን የምትፈልገው ለዚህ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይስማማታል፤ የቀትሩ ግን ቢጫውን ያቃጥለዋል። ከመካከል ሙሉ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ካለ ከሥሩ አወጣዋለሁ፤ ጉልበቱ ስለሚበልጥ ቀስ በቀስ ማሰሮውን ይወርሰዋል።

ውሃ የማጠጣው አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ሳንሴቬሪያና ዘመዷ ድራሴና ደግሞ ፍሎራይድ ሲበዛባቸው የቅጠላቸው ጫፍ ይቃጠላል። በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅሜ እሱን አጠጣለሁ። ማሰሮዎቹን ግን ሐምሌና ነሐሴን ከዝናብ አስጠልላቸዋለሁ።

ከቅጠል የበቀሉት አረንጓዴዎቹም አልተጣሉም። ከዝንጉርጉሯ ይልቅ ጥላ ስለሚችሉ ብርሃን በደንብ የማይደርስበት ኮሪደር ውስጥ አሰልፌአቸዋለሁ። ሁለቱም ዓይነት ሳፖኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላላቸው ቤት ውስጥ ድመት ወይም ሕፃን ያለው ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጣቸው።