ቡና የተጠጋ አጋም

ሥራዬ ቡና ማፍላት ነው ስል ሰው ጀበና ይመስለዋል። እኔ የማፈላው ችግኝ ነው፤ ጅማ ውስጥ፣ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ።

አንድ ደንበኛ ለግቢው አጥር 400 የአጋም ችግኝ አዘዘ። ፍሬው ከጊቤ በረሃ መጣልን፤ ጥቁር፣ የበሰለ። ሥጋውን እየበላን ዘሩን ስንለቅም ዋልን፤ የሁላችንም ከንፈር ሐምራዊ ሆነ።

ዘሩ በቅሎ አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት አዛውሬ ከቡናው መደብ ጎን፣ እዚያው የሣር ዳስ ሥር ደረደርኩት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ደግሞ ማጠጫው አያርፍም፣ ጠዋትና ማታ።

የሚያጠጡት እማማ ነበሩ። አንድ ቀን ማጠጫውን አስቀምጠው፣ “ልጄ፣ ሐጋምሳ እኮ የደረቅ አገር እሾህ ነው። እንደ ቡና አታባብለው፣ ፀሐይ ይምታው” አሉኝ፣ አጋሙን በኦሮምኛ ስሙ ጠርተው።

“እማማ፣ እርስዎ ዝም ብለው ያጠጡ” አልኳቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። በሽታ ነው ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ የፈንገስ መድኃኒት ተገዛ፣ ተረጨ፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንዱን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደድኩት። አፈሩ ከላይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ ከታች ሲጨምቁት ውኃ ያንጠባጥባል። ሥሩን በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ቀጭን ነጭ ክር ብቻ። ሽታው አይወራም።

ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይባላል። እኛ ጋ ያለቀሰው ቡና የተጠጋው አጋም ነው።

እማማ ጋ ሄድኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሱ። የተረፉትን 130 ያህል ከጥላው አወጣን፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ቀየርንላቸው፣ የፕላስቲኩን ቂጥ ደጋግመን በሳን። ከዚያ በኋላ እማማ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰክተው “ደርቋል” ካላሉ በቀር ውኃ የሚባል የለም።

የመድኃኒቱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። ሪፖርቱ ላይ “በሽታ” የሚለውን ሰርዤ “ውኃ አብዝቼበት” ብዬ ጻፍኩ። ለደንበኛው የአጥሩን አንድ ጎን እንኳ በወጉ የማይሞላ አስረከብን።

መኪና ላይ ስንጭን አንዱ መዳፌን ወጋኝ።

“አሁን ገና አጋም ሆነ!” ብለው እማማ ሳቁ።