ጌሾውን ማን ሸመጠጠው? ከጓሮ ፎቶ አጭር ልቦለድ ማውጣት

የጓሮ ፎቶ አይቶ ልቦለድ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ አበባውን ሲያወድስ ሁለት አንቀጽ ይጨርሳል። ታሪኩ ያለው ግን ተክሉን የነካው እጅ ዘንድ ነው።

አንድ የጎንደር ጓሮ አስቡ፤ የድንጋይ ካብ፣ ከሥሩ ጤና አዳም፣ ጥግ ላይ ጌሾ። ብዕር ሳታነሱ ዐሥር ደቂቃ ተመልከቱት። ጌሾው ከወገብ በታች ተሸምጥጧል፤ የላይኛው ቅጠል እንዳለ ነው። የሸመጠጠው ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ነው፣ ወይም ቀና ማለት ያቃታቸው እናት። ጠላ ሊጠነሰስ ነው ማለት ነው። ቅጠሉ ገና ደርቆ ስለሚወቀጥ ድግሱ ለነገ አይደለም፤ ቀናት ይቀሩታል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምን ሊበላሽ ይችላል? ልጁን የላከችው እናት ለምን ራሷ አልወጣችም? ልቦለዱ እዚህ ይጀምራል።

«በጓሮው ውብ ጌሾ ነበር» የሚለውን ሰርዙት። «ልጁ እጁ እስከደረሰበት ሸምጥጦ ሲጨርስ ማዳበሪያው ገና ግማሽ ነበር» ብትሉ ቁመቱም ጭንቀቱም አብሮ ይመጣል።

ወቅቱን አትገምቱ፣ ከፎቶው አንብቡት። አደይ አበባ ካለ መስከረም አካባቢ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ግን ወደ ደቡብ ይወድቃል። የፋሲል መዋኛ ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ገንዳው ሞልቶ ልጆች ሲዘሉበት ካያችሁ ጥር ነው። ያንን ትዕይንት ግንቦት ላይ ብታደርጉት የጎንደር ልጅ ንባቡን እዚያው ያቆማል። የመዋኛውን ግንብ ጨብጠው የያዙት የዛፍ ሥሮች ሁሉንም ስለሚያስደንቁ ሁሉም ይጽፍባቸዋል፤ እኔ ሰው ሲደገፋቸው ካልሆነ አላነሣቸውም።

ለመጀመሪያ ሙከራ 500 ቃላት፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሦስተኛ ሰው ከገባ ቦታ ይጠብባችኋል።

ሁለተኛውን ረቂቅ ስትጽፉ ፎቶውን ደብቁት። ከፊታችሁ ካለ ዓይናችሁ የሚያየውን ወረቀቱ ላይ ያለ ይመስላችኋል። ፎቶውን ላላየ ሰው አስነብቡና ካቡ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁት። ከተደናገረ ካቡ ገና ፎቶው ውስጥ ነው፤ ልጁ ማዳበሪያውን ሲያሳርፍበት አሳዩት።