አምቧዝ፣ ኮረብታው ላይ ያሉት 25 ድንጋዮች

ከፓሪስ አምቧዝ ድረስ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ባቡር ጣቢያው ከከተማው ማዶ ስለሆነ የሎዋርን ወንዝ በእግር ተሻገርኩ። መጀመሪያ አንድ ድልድይ፣ ከዚያ ደሴት፣ ከዚያ ሌላ ድልድይ። ሐምሌ ነው፤ ውሃው ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል። ሐምሌ ሲባል ለእኔ ደፍርሶ የሚጋልብ ወንዝ ነው፤ ዓይኔ ቶሎ አልለመደውም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ምግብ ቤት ገባሁ። ሦስቱም ምሳ አልቋል አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ጎንደር እኮ እንግዳ በየትኛውም ሰዓት ቢመጣ ሽሮ አይጠፋም! በመጨረሻ ሳንድዊች አገኘሁ፤ የታሸገ ውሃ ግን 5 ዩሮ አስከፈሉኝ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት አይተው አዘኑልኝ። ሌላ ጊዜ "ካራፍ ዶ" ብዬ እንድጠይቅ ነገሩኝ። የቧንቧ ውሃ በጆግ ማለት ነው፤ አይከፈልበትም። እንዳልረሳው ሶፍት ላይ ጻፉልኝ። ሶፍቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

የጎንደር ልጅ ስለሆንኩ ግንብ አያስደንቀኝም ብዬ ነበር። ኮረብታው ላይ ያለው የአምቧዝ ግንብ ግን አስደነቀኝ። አንዱ ትልቅ ማማ ውስጡ ደረጃ የለውም፤ ፈረስ እስከ ላይ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ንጉሥ ቻርልስ 8ኛ የተወለደውም የሞተውም እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1498 ጭንቅላቱን ከበር ጉበን ጋር ተጋጭቶ በ27 ዓመቱ ሞተ። በትንሿ የጸሎት ቤት ደግሞ በ1519 እዚሁ ከተማ የሞተው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው የሚባል አጽም አርፏል። ሰዉ ሁሉ እዚያ ተጨናንቆ ፎቶ ያነሳል።

እኔን ያስቆመኝ ግን ከላይ ያለው የአትክልት ቦታ ነው። ማንም አልነበረበትም። ሣሩ ላይ 25 ድንጋዮች ቆመዋል። የአልጄሪያው አሚር አብዱልቃድር በ1847 ለፈረንሳዮች እጃቸውን ሲሰጡ ወደ ምሥራቅ ትሄዳላችሁ ተብለው ነበር። ቃሉ ታጠፈ። ከነቤተሰባቸውና ከነተከታዮቻቸው ከ1848 እስከ 1852 እዚህ ግንብ ውስጥ ታሰሩ። ድንጋዮቹ አብረዋቸው መጥተው አገራቸውን ሳያዩ ለቀሩት መታሰቢያ ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው።

ልዑል አለማየሁ ትዝ አለኝ። ከመቅደላ በ1868 ሲወሰድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ አጽሙ ይመለስልን ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 እንኳን እምቢ ተባለ። ዊንዘር እንደተቀበረ አለ። እናቴ ስሙን ስታነሳ ከጎረቤት የጠፋ ልጅ ነው የሚመስላት።

ሊዮናርዶ የኖረበትን ቤት ሳላይ ተመለስኩ። ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ግንቡ፣ ስለ ፈረሶቹ መንገድ አወራኋት፤ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስለ 25ቱ ድንጋዮች ስነግራት አቋረጠችኝ።

"ውይ፣ የሰው አገር" አለች። "ሁሉንም ነፍስ ይማር።"