የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስት ከፊደላችን ቢጀምርስ?

አዳማ ውስጥ ኮድ የሚማር ሰው ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ ልሳተፍ ሲል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ገብቶ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» (ለጀማሪ የሚሆን ችግር) የሚለውን ምልክት ያስሳል። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ያንን ምልክት የዓለም ጀማሪ ሁሉ ይሻማበታል። ኢሹው ገና ሲከፈት «ለኔ ይሰጠኝ» የሚል አስተያየት ይደረደርበታል። ይልቅስ ራሳችሁ የምትጠቀሙበትን፣ አማርኛ ሲገባበት የሚሰናከል ሶፍትዌር ፈልጉ። እዚያ የሚሻማችሁ ጥቂት ነው፤ ችግሩንም ከፕሮጀክቱ ባለቤቶች በላይ ታውቁታላችሁ። ያስተካከላችሁትን ኮድ «ተቀበሉኝ» ብላችሁ የምትልኩበት ጥያቄ ነው ፑል ሪኩዌስት የሚባለው።

የት ይሰናከላል? አንደኛው ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥበት ስልት) አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። ጽሑፍን በፊደል ሳይሆን በባይት የሚቆርጥ ፕሮግራም 100 ላይ ሲቆርጥ 33 ፊደል ይወስድና የ34ኛውን አንድ ባይት ብቻ ያስቀራል፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ የምታዩት ለዚህ ነው። ሊኑክስ ላይም በኤክስት 4 (በተለመደው የፋይል አቀማመጥ ስልቱ) የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በአማርኛ 85 ፊደል ማለት ነው። ርዕሱን እንዳለ የፋይል ስም የሚያደርግ ማውረጃ ፕሮግራም ካገኛችሁ 86 ፊደል ስጡትና እዩ።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ እዚህ ያለው ስህተት ተዝቆ አያልቅም። ወር መምረጫው 12 ብቻ ሆኖ ጳጉሜን የረሳ ፎርም አለ። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የሚያሰላ ኮድም አለ፤ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ሆኖ ሲያልቅ የዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል አያውቅም። መፈተኛ ቀኖቹን እነሆ፦ ጳጉሜ 5 ቀን 2014 ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023። ቀን የሚቀይር ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ላይ እነዚህን ሦስቱን ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) አድርጎ መጨመር ብቻውን፣ ኮዱ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የሚረባ አስተዋጽኦ ነው።

ሦስተኛው ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ይህኛው ግን ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ውይይት ይፈልጋል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ማድረግ ለአማርኛ ሲስማማ ለትግርኛ ቃል ያፋልሳል። ሳይጠይቁ 400 መስመር ኮድ ልኮ «አንፈልገውም» መባል የሚመጣው እንዲህ ካለው ነው።

ኢሹ (የችግር ማስታወቂያ) ስትከፍቱ መጀመሪያ የተዘጉትንም ጭምር ፈልጉ። ከዚያ የፕሮግራሙን ቨርዥን፣ የኮምፒውተሩን ሲስተም፣ ስህተቱን የሚያመጡትን እርምጃዎች፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንደመጣ ጻፉ። የስህተቱን ጽሑፍ ኮፒ አድርጉ፤ ፎቶ በፍለጋ አይገኝም። አንባቢያችሁ ጳጉሜ የሚባል ወር መኖሩን ሰምቶ ላያውቅ ስለሚችል በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱት። ስብሰባ ከጠሯችሁ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ) ጠይቁ፦ 15 ሰዓት ዩቲሲ እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። «በ3 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም በትክክል አይገባውም።

አሁን ወደ ዳታ። ክሎን (የፕሮጀክቱን ኮድ ከነታሪኩ ወደ ኮምፒውተራችሁ መቅዳት) መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ትልቅ ፕሮጀክት በሞባይል ጥቅል እያወረዳችሁ መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቆራረጥ የበላው ዳታ ባከነ ማለት ነው። መፍትሔው ክሎን ስታደርጉ ዴፕዝን 1 ማድረግ (--depth 1) ነው፤ የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ያመጣል። ታሪኩ ካስፈለጋችሁ በኋላ በፌች ዲፕን (git fetch --deepen=100) መቶ መቶ ኮሚት እያላችሁ ጨምሩ፤ አንዱ ቢቋረጥ የቀደመው አይጠፋም። ታሪኩን አምጥቶ የፋይሎቹን የድሮ ይዘት የሚተው ሌላ ዘዴም አለ፤ ነገር ግን ገና ያልወረደ የድሮ ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ ኔትወርክ በሌለበት አልመርጠውም።

ፎርክ (የፕሮጀክቱ ቅጂ በራሳችሁ አካውንት)፣ አዲስ ብራንች (ለውጡ የሚሠራበት የተለየ መስመር)፣ ኮሚት፣ ፑሽ (ወደ ጊትሃብ መላክ)፦ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ጀማሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው። ጊትሃብ ከኦገስት 2021 ወዲህ ለፑሽ ፓስወርድ አይቀበልም፤ ቶክን (በፓስወርድ ፋንታ የሚሰጥ የሚስጥር ኮድ) ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚቀመጥ የመግቢያ ፋይል) ያስፈልጋል። ኤስኤስኤቹ ዝም ብሎ ከቀረ የግቢው ወይም የካፌው ኔትወርክ ኤስኤስኤች የሚያልፍበትን ፖርት 22ን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ጊትሃብ በ443 የከፈተውን መግቢያ ተጠቀሙ። ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ፕሮግራም) ላይ የሞላችሁት ኢሜይል ከአካውንታችሁ ጋር ካልተያያዘ ኮሚቱ በስማችሁ አይቆጠርም። ሁለት መስመር ቀይራችሁ ፋይሉ ሙሉ ተቀይሮ ከታየ ደግሞ ጥፋተኛው ወይ የዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ ነው ወይ ሴቭ ስታደርጉ ኮዱን ራሱ የሚያስተካክለው ኤዲተር። ፑሽ ከማድረጋችሁ በፊት ዲፉን (የተቀየሩትን መስመሮች ዝርዝር) መስመር በመስመር እዩ። አንዳንድ ፕሮጀክት ኮሚቱ ግርጌ ላይ የፊርማ መስመር ይፈልጋል፤ ኮሚት ስታደርጉ ሰረዝ ኤስ (-s) መጨመር ይበቃል።

አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ) ላይ ኮማ ቀይሮ መላክን ተዉት፤ በ2020 በሀክቶበርፌስት (ፑል ሪኩዌስት ለላኩ ቲሸርት በሚሰጥበት የኦክቶበር ዘመቻ) ለቲሸርት ሲባል እንዲህ ያለ ጎርፍ ወርዶ፣ አዘጋጆቹ ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲሳተፉ ደንቡን እስከመቀየር ደርሰዋል።

ከላካችሁ በኋላ አውቶማቲክ ቴስቱ ሳይጀምር ቢቆም አትደንግጡ፤ ለአዲስ ሰው የፕሮጀክቱ ባለቤት ፈቅዶ እስኪያስጀምረው ሊጠብቅ ይችላል። አስተያየት ሲመጣ ማስተካከያውን እዚያው ብራንች ላይ ፑሽ አድርጉ፤ አዲስ ፑል ሪኩዌስት ከከፈታችሁ ውይይቱ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ሳምንት መልስ ከጠፋ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ። ሲቀበሉት ብራንቹን ሰርዙና የፎርካችሁን ሜይን (ዋና ብራንች) ከዋናው ፕሮጀክት ጋር አመሳስሉ፤ ቀጣዩን ሥራ ከአሮጌ ሜይን ላይ መጀመር የብዙ ኮንፍሊክት (የሁለት ለውጥ ግጭት) ምንጭ ነው።