የኢሜይል ሰርቨርን ለክላውድ ዝግጁ ስለማድረግ፦ ፍተሻው ከውጭ ይጀመር

የድርጅታችንን ኢሜይል ቢሮ ውስጥ ካለው የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ 2016 ሰርቨር በኢንተርኔት በኩል (በክላውድ) ወደሚሰጠው ማይክሮሶፍት 365 ለማዛወር በጀመርነው ሥራ፣ የመጀመሪያዎቹ የሙከራ የኢሜይል ሳጥኖች ሰሞኑን ቀጠሮዎቻቸውንና የአድራሻ ዝርዝሮቻቸውን እንደያዙ ተሻግረዋል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሰርቨር ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ሥራ ላይ እንደምትሆኑ በማሰብ፣ ከቅድመ ፍተሻው ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ብዙም አላደከሙኝም። ሰርቨሩ ላይ የመጨረሻው ማሻሻያ፣ ማለትም ሲዩ 23፣ ተጭኖ ነበር። የተደጋገሙ አድራሻዎችንና ክላውዱ የማይቀበላቸውን የተጠቃሚ ስሞች አይዲፊክስ በተባለው መሣሪያ ለቅመን አስተካከልን። የማዛወሪያ ዘዴ ስንመርጥ አይማፕ የተባለውን ገና ከጅምሩ ውድቅ አደረግሁት፤ መልእክቶችን ብቻ አሻግሮ ቀጠሮንና የአድራሻ ዝርዝርን የሚተው ዘዴ፣ ኤክስቼንጅ ላለው ድርጅት ፈጽሞ ሊመከር አይገባም ብዬ አምናለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያዛውረው ዘዴ እስከ 2000 ሳጥን ቢፈቀድም፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው ለ150 እና ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሰርቨሩንና ክላውዱን ጎን ለጎን እያሠራ ሳጥኖቹን በየተራ ለማሻገር የሚያስችለውን፣ ሃይብሪድ የተባለውን ዘዴ መረጥን።

እልህ ያስጨረሰኝ የሰርተፊኬቱ፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ ጉዳይ ነው። በሃይብሪድ ዘዴ ሳጥኖቹን የሚስበው የክላውዱ ወገን ነው፤ የማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ፖርት 443 በሚባለው የግንኙነት በር ከውጭ ገብተው፣ ኤምአርኤስ ፕሮክሲ በሚባለው አገልግሎት በኩል ይወስዷቸዋል። አገልግሎቱን ከፍቼ ከቢሮ ኮምፒውተር ስሞክረው ሰርተፊኬቱም የይለፍ ቃሉም ያለ እንከን ያልፋሉ፤ ክላውዱ ግን ግንኙነቱን አልቀበልም ይላል። የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ደጋግሜ ብመረምረው ምንም ጉድለት አላገኘሁበትም፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበርና። የቢሮው ኮምፒውተር በውስጥ ዲኤንኤስ (የሰርቨርን ስም ወደ ኔትወርክ አድራሻ በሚተረጉመው አገልግሎት) ተመርቶ በቀጥታ ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ አስቀድሞ የኔትወርኩ መከላከያ የሆነው ፋየርዎል ላይ ያርፋል። ፋየርዎሉ ደግሞ የተመሰጠረውን ግንኙነት ፈትቶ ለመመርመር ሲል በሰርቨሩ ፈንታ ራሱ የፈረመውን ሰርተፊኬት ያቀርባል፤ ይህንንም ማይክሮሶፍት አያምነውም።

ይህን የገለጠልኝ ሪሞት ኮኔክቲቪቲ አናላይዘር የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከኢንተርኔት ወደ ሰርቨሩ እየተገናኘ የአድራሻውን ስም፣ ፖርቱን፣ ሰርተፊኬቱንና የመግቢያ ማረጋገጫውን ተራ በተራ ይሞክራል፤ የተሰናከለበትንም ደረጃ ለይቶ ያሳያል። በሰርተፊኬት ሰጪው ቦታ ላይ የፋየርዎላችን ስም ተጽፎ ሳይ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። መፍትሔው ፋየርዎሉ ወደዚያ አድራሻ የሚመጣውን ግንኙነት ሳይፈታ እንዲያሳልፍ ማድረግ ነበር። የኔትወርክ ኃላፊያችን ሐሳቡን አልወደዱትም፤ የተስማሙት መግቢያው ማይክሮሶፍት ይፋ ላደረጋቸው የአይፒ አድራሻዎች ብቻ እንዲከፈት ከወሰንን በኋላ ነው፤ በዚህም ልክ ነበሩ። መሣሪያው የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ፣ ለሙከራ ብቻ የሚሆን ሳጥን ፍጠሩና ሥራው ሲያልቅ አጥፉት፤ የአድሚን አካውንት በፍጹም አትስጡት።

የትኛው የሶፍትዌር ስሪት ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ የሚዘረዝሩ ሠንጠረዦችን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ የሚያምናቸው ይመስለኛል። ሠንጠረዡ ዝውውሩ የተፈቀደ መሆኑን ይናገር ይሆናል እንጂ፣ በመካከል ስላለው ፋየርዎል የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ብልም፣ አሮጌውን ሰርቨር ቶሎ የማጥፋት ዕቅድ የለኝም። የፋይናንስ ክፍሉ ስካነር ሰነዶችን በኢሜይል የሚልከው በሰርቨሩ በኩል ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት 365 የሚጠይቀውን ቲኤልኤስ 1.2 የተባለ የምስጠራ ስልት አይችልም፤ አምራቹም ለዚህ ሞዴል ማሻሻያ ማውጣት አቁሟል። አዲስ ስካነር እስኪገዛ ድረስ መልእክቱን ከስካነሩ ተቀብሎ ወደ ክላውዱ የሚያስተላልፈው ያው አሮጌው ሰርቨር ይሆናል። እናንተም ከሳጥኖቹ ዝርዝር ጎን ለጎን፣ በሰርቨሩ በኩል መልእክት የሚልኩ ስካነሮችን፣ የሒሳብ ሶፍትዌሮችንና የመጠባበቂያ ቅጂ ማስጠንቀቂያዎችን ከሰርቨሩ የመልእክት ማስተላለፊያ መዝገብ ላይ ለዩ፤ ሠራተኞችን በመጠየቅ ብቻ ሁሉም አይገኙም።